ማሽኑን ከመፍታታችሁ በፊት ፓዱን እዩት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣
ባሕር ዳር

"አዲስ መነጽር ስለሆነ ነው፤ ትለምደዋለህ።" መነጽር አሠርቶ ይህን ቃል ያልሰማ ሰው ጥቂት ነው። አንዳንዴ እውነት ነው፤ ቁጥሩ ሲቀየር ዓይን እስኪላመድ ጥቂት ቀን ይወስዳል። ሌላ ጊዜ ግን "ልመደው" የተባለው ነገር የማይለመድ ነው፦ ሐኪሙ በ90 ዲግሪ ያዘዘው ሲሊንደር (አስቲግማቲዝም የሚባለውን የእይታ መዛባት የሚያርመው የሌንሱ ኃይል) በ97 ተሞርዶ ፍሬም ውስጥ ገብቷል። ራስ ያማል፣ የደረጃው ጠርዝ ያዘነበለ ይመስላል፣ ማታ የመኪና መብራት ተጎትቶ ይታያል። ሰውየውም መነጽሩን መሳቢያ ውስጥ ከትቶ "መነጽር አይስማማኝም" እንዳለ ይቀራል።

ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው በሌንስ መሞረጃ ማሽን፣ በሙያችን ቋንቋ ኤጀር በምንለው፣ ላይ የምንሠራ ባለሙያዎች ነን። የምንጽፈውም ለሙያ ባልደረቦቻችንና መነጽር ለሚያሠራው አንባቢ ነው፤ ሁለቱም ሊያውቁት የሚገባ ነገር አለ። ኤጀሩ የተሳሳተ ሌንስ ባወጣ ቁጥር "ማሽኑ ተበላሸ" ይባልና ክዳኑ ይከፈታል፣ ብሎን ይፈታል፣ ከአዲስ አበባ ቴክኒሻን ይጠራል። መንገዱ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ቴክኒሻኑ እስኪደርስ ከዘጌ ወይም ከደቅ ደሴት በጀልባ ተሻግሮ የመጣ ታካሚ ባዶ እጁን ይመለሳል። እኛ የምንለው፣ ክዳኑ ከመከፈቱ በፊት ሌንሱ፣ ሌንሱን የሚይዘው ተለጣፊ ፓድና ውሃው ይታዩ ነው። ማሽኑ ከሚታማባቸው ጥፋቶች ብዙዎቹ የሚገኙት እዚያ ነው።

ሥራውን ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ እንግለጽ። ሌንስ ከፋብሪካ የሚመጣው ክብ ሆኖ ነው፤ ስፋቱ ብዙ ጊዜ 65 ወይም 70 ሚሊ ሜትር ነው። ትሬሰር የሚባለው መሣሪያ የፍሬሙን ቦይ በቀጭን ጫፍ እየዳሰሰ ቅርጹን ያነብባል። ሌንሱ የሌንስ ቁጥር በሚለካው መሣሪያ፣ በሌንሶሜትር፣ ተለክቶ ሴንተሩ (የእይታ መሐሉ) እና አክሲሱ (የሲሊንደሩ አቅጣጫ በዲግሪ) በሦስት ነጥብ ምልክት ይደረግበታል። ከዚያ ብሎከር በሚባለው መሣሪያ ላይ ሆኖ፣ በሁለቱም ፊቱ በሚያጣብቅ ፓድ፣ ማሽኑ የሚይዝበት ትንሽ ቁራጭ፣ ብሎክ፣ ይለጠፍበታል። ኤጀሩ ብሎኩን በአንድ ወገን፣ የጎማ መያዣውን በሌላ ወገን አድርጎ ሌንሱን ይጨብጥና በአልማዝ ድንጋዮች ይሞርደዋል፤ መጀመሪያ በሻካራው፣ ቀጥሎ ጠርዙን ሹል በሚያደርገው የቤቭል ድንጋይ፣ ካስፈለገም በማለስለሻው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ሌንሱን አክሲሱ ላይ አጽንታ የምትይዘው ያቺ ስስ ፓድ ናት።

ከአክሲስ እንጀምር፤ ብዙ መነጽር የሚያስመልሰው እሱ ነውና። ስህተቱ ምን ያህል እንደሚጎዳ በቁጥር ይታወቃል። ሲሊንደሩ ከቦታው በ1 ዲግሪ ሲዞር ከኃይሉ 3.5 ከመቶ ያህል ሳይታረም ይቀራል። 2.00 የሆነ ሲሊንደር በ5 ዲግሪ ቢዞር 0.35፣ በ10 ዲግሪ ቢዞር ደግሞ 0.70 ገደማ የሆነ ሲሊንደር ዓይን ላይ ይቀራል። ስህተቱ 30 ዲግሪ ሲደርስ የሚቀረው ከመጀመሪያው ጋር እኩል ይሆናል፤ መነጽሩ ለሲሊንደሩ ምንም አልፈየደም ማለት ነው። የአሜሪካው የመነጽር ደረጃ ሲሊንደሩ ከ1.50 በላይ ከሆነ ከ2 ዲግሪ ያለፈ ስህተት የማይቀበለው ለዚህ ነው፤ 0.25 ለሆነ ሲሊንደር ግን እስከ 14 ዲግሪ ይታገሣል። ስለዚህ "ትንሽ ዞሯል፣ ምንም አይደል" ከማለት በፊት የሲሊንደሩን መጠን ማየት ያስፈልጋል።

አክሲስ ሲስት የመጀመሪያው ጥያቄ ስህተቱ ሁልጊዜ አንድ ነው ወይስ ይለዋወጣል የሚለው ነው። አምስት ሌንስ ሞርዳችሁ አምስቱም ወደ አንድ አቅጣጫ በ3 ዲግሪ ከዞሩ፣ ጉዳዩ የብሎከሩ አቀማመጥ ወይም የኤጀሩ የአክሲስ ካሊብሬሽን፣ ማለትም የልኬት ማስተካከያው፣ ነው። ቀኝና ግራው እኩል ሆነው በተቃራኒ አቅጣጫ ከዞሩ ትሬሰሩን ተመልከቱ፦ ፍሬሙ አዘንብሎ ተቀምጦ አንዱ ዓይን ብቻ ተነብቦ፣ ሌላው ከሱ ተገልብጦ ተወስዷል። አንዱ በ2፣ ሌላው በ8 ዞሮ ሦስተኛው ደህና ከሆነ ግን ሌንሱ እየተንሸራተተ ነው። ካሊብሬሽን ዛሬ 2 ነገ 8 አይሆንም። የሚንሸራተት ሌንስን በካሊብሬሽን ለማረም የሚሞክር ሰው ደህና የነበረውንም ቁጥር ያጠፋዋል፤ ይህን አጥብቀን እናሳስባለን።

መንሸራተቱን ለማረጋገጥ ከአንድ ማርከር በላይ አያስፈልግም። ሌንሱ ብሎክ ከተደረገ በኋላ ከብሎኩ ጠርዝ ጀምራችሁ ወደ ሌንሱ ፊት የሚያልፍ አንድ ቀጥ ያለ መስመር አስምሩ። ሌንሱን ማሽኑ ላይ ስትሰኩ ደግሞ ከብሎኩ ወደ ማሽኑ መያዣ የሚያልፍ ሁለተኛ መስመር ጨምሩ። አሁን ሞርዱት። ሲያልቅ ከመንቀላችሁ በፊት አጎንብሳችሁ እዩ። ብሎኩና ሌንሱ ላይ ያለው መስመር ተሰብሮ ደረጃ ከሠራ ሌንሱ ፓዱ ላይ ዞሯል። ይህ መስመር እንደነበረ ሆኖ ሁለተኛው ከተሰበረ፣ ብሎኩ መያዣው ውስጥ ልቅ ነው፤ የብሎኩ ጥርስ ተበልቷል ወይም መያዣው አርጅቷል። ሁለቱም መስመሮች ቀጥ ብለው ሳለ ሌንሶሜትሩ ስህተት ካሳየ ጥፋቱ ከመሞረዱ በፊት የገባ ነው፤ ብሎከሩ ጋ ተመለሱ። ማርከሩ በውሃው እንዳይታጠብ የማይለቀውን ዓይነት ተጠቀሙ።

ፓዱ ላይ ለምን ይዞራል? ዋናው ምክንያት የዘመኑ ሌንስ ሽፋን ነው። ብርሃን እንዳያንጸባርቅ የሚሠራው የኤአር ሽፋን ከላዩ ውሃና ቅባት የማይዝ ስስ ሽፋን ይደረግለታል። ለባለ መነጽሩ ጥሩ ነው፤ ጣቱ ሲነካው ቶሎ ይጠረጋል። ለፓዱ ግን እንደ ቅባት ነው፤ ማጣበቂያው የሚይዝበት ነገር ያጣል። መፍትሔው ለዚሁ የተሠራውን ፀረ መንሸራተት ፊልም መጀመሪያ ሌንሱ ላይ ለጥፎ ፓዱን በፊልሙ ላይ ማድረግ ነው። ፊልሙ ሳይጨማደድና አየር ሳይቋጥር ይለጠፍ፤ ከሥሩ አረፋ ካለ መንሸራተት ከዚያ ይጀምራል። ፊልሙ በማይገኝበት ቀን ፓድ ደርቦ ሁለት ማድረግ ሲሠራበት እናያለን። አይረዳም፤ ሁለት ፓድ ሲደራረብ መሐሉ ይበልጥ ልል ይሆናል።

ሁለተኛው ምክንያት ንጽሕና ነው። ሌንሱ ከሌንሶሜትሩ ሲመጣ የጣት ቅባትና የቀለም ነጥብ ይዞ ነው። ብሎኩ የሚያርፍበትን መሐል ቦታ በአይሶፕሮፒል አልኮል በተነከረ ንጹሕ ጨርቅ ጥረጉና እስኪደርቅ ጠብቁ፤ ነጥቦቹን እንዳታጠፉ ግን ተጠንቀቁ። አሴቶን ፖሊካርቦኔት የሚባለውን የፕላስቲክ ሌንስ ስለሚያጠቃ አትሞክሩት። ብሎኩም መጽዳት አለበት። ከትናንት ፓድ የቀረ ሙጫ፣ የደረቀ የሌንስ ዱቄት፣ ሁሉም መያዣውን ያሳንሳል።

ሦስተኛው ቁጠባ ነው። ፓድ አንዴ ተጠቅመው የሚጥሉት ዕቃ ነው። ተልጦ ለሁለተኛ ሌንስ የሚለጠፍ ፓድ ማጣበቂያው በዱቄት ተሸፍኗል፤ ስፖንጁም ተጨፍልቋል። የአንድ ፓድ ዋጋና የአንድ ባለ ኤአር ሌንስ ዋጋ አይወዳደሩም፤ ደግሞ የሚበላሸው የታካሚው ሌንስ ነው። ፓዱን ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ወይም በመስኮት አጠገብ አታስቀምጡት። በሚያዝያ ሙቀት ማጣበቂያው ይለሰልሳል፣ በክረምቱ እርጥበት ደግሞ ወረቀቱ ያብጣል። በፌስታሉ ታሽጎ፣ ክዳን ባለው ዕቃ፣ ጥላ ውስጥ ይቀመጥ።

ከዚያ የሌንሱ ጠባይ አለ። ከባድ ማይነስ ሌንስ (ሩቅ ለማያይ ዓይን የሚሠራው) ጠርዙ ወፍራም ስለሆነ ሻካራው ድንጋይ ብዙ ያስወግዳል፤ የሚጠመዝዘው ኃይልም ይበረታል። ፍሬሙ ከቁመቱ ይልቅ ወርዱ የረዘመ ከሆነ ማዕዘኑ ላይ ክንዱ ስለሚረዝም ይብሳል። እንዲህ ያለውን ሌንስ ማሽኑ ዝግ ብሎ የሚሞርድበት ሞድ ካለው በዚያ ሥሩት። ከፍሬሙ ቁመት የማይበልጠውን ትልቁን ብሎክ ምረጡ። የጭብጡን ኃይል ደግሞ ለሌንሱ አስተካክሉ፤ ሲላላ ይዞራል፣ ሲበዛ ግን የኤአሩ ሽፋን በብሎኩ ዙሪያ እንደ ሸረሪት ድር ይሰነጣጠቃል። ይህን ስንጥቅ ያየ ብዙ ሰው "ሌንሱ መናኛ ነው" ብሎ አቅራቢውን ይወቅሳል። ስንጥቁ ክብ ሠርቶ ብሎኩ የነበረበትን ቦታ ከተከተለ ግን ሌንሱ አላጠፋም፤ የጨበጠው ነው ያጠፋ።

ስህተቱ ሁልጊዜ አንድ ሆኖ ከተገኘ ካሊብሬሽን ነው ብለናል። ቁጥር ያልተሰጠው፣ ማለትም ፕላኖ፣ ሌንስ ውሰዱና በሴንተሩ የሚያልፍ ቀጭን አግድም መስመር ጫሩበት። መስመሩን ከብሎከሩ አግድም ጋር አስተካክላችሁ ብሎክ አድርጉና አራት ማዕዘን ቅርጽ ሞርዱ። የተጫረው መስመር ከላይኛውና ከታችኛው ቀጥ ያለ ጠርዝ ጋር ትይዩ ከሆነ ማሽኑ ደህና ነው። ካልሆነ ልዩነቱን በፕሮትራክተር ለክታችሁ በካሊብሬሽን ገጹ ላይ በዚያው መጠን አርሙ፤ ደግማችሁም ሞርዱ። አንድ ጊዜ ብቻ ለክቶ ማረም አይበቃም፤ ሦስት ተከታታይ ሌንስ አንድ ዓይነት ውጤት ካልሰጠ ቁጥሩን አትንኩ። ከመለወጣችሁ በፊት የነበረውን ቁጥር ከነቀኑ በደብተር ጻፉት። ቴክኒሻን ሲመጣ መጀመሪያ የሚፈልገው ያን ደብተር ነው።

ልክን በተመለከተ ነገሩ ቀለል ይላል። የአልማዝ ድንጋይ እየሠራ ሲሄድ ይበላል፤ ዲያሜትሩ ሲቀንስ ሌንሱ በዚያው ልክ ሰፋ ብሎ ይወጣል። ስለዚህ ሁሉም ሌንስ በእኩል መጠን ሰፋ ካለ ድንጋዩ ማርጀቱን እያሳወቀ ነው፤ የልክ ማስተካከያውን መቀነስ ይበቃል። 50 ሚሊ ሜትር ክብ ሞርዳችሁ በካሊፐር ለኩ። 50.3 ከሆነ 0.3 ቀንሱ። 0.3 ትንሽ ትመስላለች፤ ዙሪያው ላይ ግን ወደ 1 ሚሊ ሜትር ትጠጋለች፤ የብረት ፍሬም ብሎን የሚሰበረው ያኔ ነው። ማስተካከያው ለየማቴሪያሉ ለብቻው ነው፤ የሲአር 39ን (የተለመደውን የፕላስቲክ ሌንስ) ልክ አርሞ የፖሊካርቦኔቱንም አረምሁ ማለት አይቻልም። ልኩ ከሌንስ ሌንስ የሚለያይ ከሆነ ግን ማስተካከያውን አትንኩ። የላላ ቺንጋ፣ ያረጀ ኩሽኔታ፣ ወይም በደረቀ ዱቄት የተያዘ የክንድ መታጠፊያ ፈልጉ። ማሽኑ ጠፍቶ፣ ሶኬቱም ተነቅሎ፣ ክንዱን በእጅ ቀስ አድርጋችሁ አንሱና ልቀቁት፤ መንገድ ላይ የሚይዘው ቦታ ካለ እጃችሁ ይነግራችኋል። የፕላስቲክ ፍሬም ትሬሰሩ ላይ ሲጠብቅ እንደሚጣመምም አትዘንጉ፤ ያኔ ሌንሱ ልክ ሆኖ ፍሬሙ ሐሰት ተነብቧል።

አስገድዶ የገባ ሌንስን የሚያጋልጥ ርካሽ መሣሪያ አለ፤ ሁለት የፖላራይዝድ ሌንስ ቁራጮች ናቸው። አንዱን በሌላው ላይ እስኪጨልም አዙሩና መነጽሩን በመሐላቸው ወደ ብርሃን ያዙ። ጠርዙን ተከትሎ ብሩህ ነጠብጣብና ጭረት ከታየ ሌንሱ ታንቋል። እንዲህ የታነቀ ሌንስ ቆይቶ ሽፋኑ ይሰነጠቃል ወይም ጠርዙ ይፈነጠራል። አውጥታችሁ ዳግመኛ ሞርዱት።

ስለ ፍንጥርጣሪና ስለ ሻካራ ጠርዝ። ጠርዙ የአይጥ ጥርስ የበላው መስሎ ከወጣ በመጀመሪያ የተመረጠው ማቴሪያል ልክ መሆኑን እዩ። ሲአር 39፣ ፖሊካርቦኔትና ብርጭቆ በአንድ መንገድ አይሞረዱም። የሲአር 39 ፍቅፋቂ ዱቄት ነው፤ በውሃው ይታጠባል። ፖሊካርቦኔት ግን ወደ 150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ የሚለሰልስ ማቴሪያል ነው፤ ድንጋዩ ሥር ሲሞቅ እንደ ጥጥ እየተፈተለ ይወጣል። ብዙ ማሽኖች በሻካራው ዙር ውሃውን ዘግተው ወይም አሳንሰው፣ ኋላ በቤቭሉ ጊዜ ውሃ ለቀው የሚሞርዱት ለዚህ ነው። ፖሊውን በሲአር 39 ሞድ ብትሞርዱት ፍቅፋቂው ሌንሱ ጠርዝ ላይ ተጠቅልሎ ይቀርና ድንጋዩንም ይደፍነዋል። የማታውቁት ሌንስ ከመጣ ወደ ማሽኑ ከመስጠታችሁ በፊት ከጠርዙ ጥቂት በሞረድ ፋቁና ፍቅፋቂውን በጣት እሹት። የሚደቅቅ ከሆነ ሲአር ነው፤ የሚለጠጥና የሚጠቀለል ከሆነ ፖሊ ነው።

ድንጋዩ የደነዘ እንደሆነ በዓይን ይታወቃል። የሚሠራ ድንጋይ ደብዛዛና ሻካራ ነው፤ የተደፈነ ግን እንደ ተወለወለ ሸክላ ያብረቀርቃል። ድምፁም ይለወጣል፣ ሌንሱም ይሞቃል። ያኔ ድሬሲንግ ስቲክ በምንለው የድንጋይ ማንቂያ ዱላ ፊቱ ይከፈታል። ዱላውን አረፋ ማውጣት እስኪያቆም ውሃ ውስጥ ንከሩት፤ ደረቁን አትጠቀሙ። በማሽኑ የማንቂያ ሞድ፣ ውሃው እየፈሰሰ፣ ለጥቂት ሰከንድ በለሆሳስ አስነኩት፤ አትጫኑት። ለቤቭሉና ለማለስለሻው ድንጋይ የተሠራው ደቃቅ ዱላ ሌላ ነው፤ አንዱን በሌላው ቦታ መጠቀም ያለሰለሳችሁትን ድንጋይ ይቧጥጠዋል። አንድ ነገር ግን ከማንኛውም በላይ እወቁ፦ ዱላ የሚደረገው አልማዙ ከብረቱ ጋር በጥልቀት ለተዋሐደ ድንጋይ ነው። አልማዙ በላዩ ላይ በአንድ ስስ ሽፋን ብቻ የተለበጠ ድንጋይ ከሆነ ዱላው ያንኑ ሽፋን ያነሳዋል፤ እንዲህ ያለው ሲደነዝ መለወጥ እንጂ ማንቃት የለም። የትኛው እንደተገጠመ ከማሽኑ መመሪያ አረጋግጡ። ከማንቃት በኋላ ልክ ይለወጣልና 50 ሚሊ ሜትሩን ክብ ዳግም ሞርዱ።

ውሃ! በከተማችን ላብራቶሪዎች በጣም የሚናቀው እሱ ነው። ውሃው ድንጋዩን ያቀዘቅዛል፣ ዱቄቱን ያጥባል፤ ሲያንስ ጠርዝ ይቃጠላል፣ ድንጋይ ይደፈናል፣ ፓድ ሙቀት ያገኘዋል፤ እና እነሆ ተመልሰን መንሸራተት ላይ ደረስን። ብዙዎቻችን ውሃውን ከባልዲ በፖምፓ እናዞራለን። ባልዲው ውስጥ ያለው ውሃ እንደ አተላ ሲወፍር ፖምፓው የሚገፋው ጭቃ ነው። በየዕለቱ ይቀየር፤ ሥራ የበዛ ዕለት ሁለቴ። በመመለሻው ቱቦ አፍ ላይ ንጹሕ የናይለን ስቶኪንግ ብታስሩ ዱቄቱን ያጠምዳል። አረፋ ከበዛ ፖምፓው አየር እየሳበ ነው፤ ለኤጀር የተሠራ አረፋ ማጥፊያ ጥቂት ጠብታ ጨምሩ እንጂ ሳሙና ያለበት ዕቃ ባልዲው አጠገብ አታድርሱ።

ክረምት ሲሆን የቧንቧው ውሃ ደፍርሶ ሲመጣ፣ ወይም ሲቋረጥ ከጣና በጀሪካን ሲቀዳ፣ ጉዳቱ ይታያል። ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ በክረምት ወደ ሐይቁ የሚያስገቡት ደለል ደቃቅ ነው፤ ውሃውን በሚረጨው አፍንጫ ቀዳዳ ላይ ይቀመጣል፣ በማለስለሻው ድንጋይና በሌንሱ መካከልም ገብቶ ይጭራል። ቢያንስ አንድ ሌሊት አስቀምጡት፣ የጠለለውን ከላይ ቅዱ፣ በጨርቅ አጣሩ። ውሃው የሚረጭበት አፍንጫ ሌንሱና ድንጋዩ የሚነካኩበትን ቦታ በትክክል ማግኘት አለበት። ወደ ጎን ከረጨ ወይም ጠብ ጠብ ካለ ነቅላችሁ በኮምጣጤ ዘፍዝፉት፤ ነጩ ኖራ ይለቅቃል። ቀዳዳውን በመርፌ አታስፉት፤ ርጭቱ ይበተናል። ፖምፓው እያጓራ ውሃ ካልመጣ ወዲያው አጥፉና ውሃ የሚስብበትን ወንፊት፣ ቀጥሎም ማዞሪያ ክንፉን አጽዱ። ቀኑ ሲያልቅ ማሽኑን ሳያጥቡ እንዳለ ዘግቶ መሄድ የብዙ ብልሽት አባት ነው። የሌንስ ዱቄት እርጥብ ሳለ በስፖንጅ ይወጣል፤ አድሮ ሲደርቅ ሲሚንቶ ይሆናል።

ይህ ሲሚንቶ ነው የሌንሱን የፊትና የኋላ ጉብጠት የሚዳስሱትን ሁለት ቀጭን ክንዶች የሚይዛቸው። ቤቭሉ ከመሐል ወጥቶ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ሲሸሽ፣ ወይም ማሽኑ ገና ሳይሞርድ በስህተት መልእክት ሲቆም፣ መጀመሪያ ጫፎቻቸውን በለስላሳ ብሩሽና በንጹሕ ውሃ እጠቡ። በኮምፕሬሰር አየር አትንፉ፤ ዱቄቱን ወደ ኩሽኔታው ያስገባዋል።

"ሌንሱ አይበቃም" የሚለው መልእክትም ብልሽት እየተባለ ስለሚመጣ አንድ ስሌት እንስጥ። የፍሬሙ የአንድ ዓይን ወርድ 52 ሚሊ ሜትር፣ በአፍንጫ ላይ ያለው ድልድዩ 18፣ የታካሚው ፒዲ (በሁለቱ የዓይን ብሌኖች መካከል ያለው ርቀት) 62 ቢሆን፣ 52 ሲደመር 18 ሲቀነስ 62፣ 8 ይሆናል። የፍሬሙ ቅርጽ ረጅሙ ዲያሜትር 55 ከሆነ 8 ጨምሩበት፣ 63፤ ለጥንቃቄ 2 ሲጨመር 65። ይህ 65 ሚሊ ሜትር ሌንስ ላይ ገና ይገባል፤ ፒዲው 58 ቢሆን ግን 69 ይሆናል። ያን ጊዜ ማሽኑ እውነቱን ነው፤ ባለ 70 ሌንስ ያስፈልጋል ወይም ፍሬሙ ይቀየር። ሴንተሩን ወደ ጎን "ትንሽ ገፋ" አድርጎ ማስገባት ግን ታካሚውን ማታለል ነው። ቁጥሩ ማይነስ 5.00 በሆነ ሌንስ 2 ሚሊ ሜትር መግፋት 1 ፕሪዝም (ምስሉን ወደ ጎን የሚገፋ ኃይል) ዓይኑ ላይ ይጭናል።

ስለ መብራት አጭር ነው፤ ነገሩ ግን ከባድ ነው። መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚመጣው ቮልቴጅ ቦርድ ያቃጥላል። ማሽኑ በስታብላይዘር ይሥራ፤ መብራት ሲሄድ ማብሪያውን አጥፉ፣ ከተመለሰም ጥቂት ደቂቃ ቆይታችሁ አብሩ። ሌንስ ተጨብጦ ከቆመ ክንዱን በጉልበት አትንቀሉ፤ ማሽኑ ሲበራ ራሱ መነሻው ጋ ተመልሶ ይለቅቀዋል። መነሻውን ካላገኘ መነሻ ጠቋሚው ሴንሰር ላይ ዱቄት አለ፣ በብሩሽ ይጥረግ። ፊውዝ ከተቃጠለ በዚያው አምፒር ይተካ፤ በመዳብ ሽቦ መተካት ቃጠሎ ጠርቶ ማምጣት ነው። የውሃ ማሽን ስለሆነ የመሬት ሽቦ የሌለው ሶኬት ላይ አትሰኩት።

ባልደረቦቻችንን የምንለምነው ሌላ ነገር አለ። ሌንሱ ፍሬም ውስጥ ከገባ በኋላ ወደ ሌንሶሜትሩ ሳይመለስ ለባለቤቱ አይሰጥ። ፍሬሙን ሁለቱ ሌንሶች እኩል በሚያርፉበት አግዳሚ ላይ አስቀምጣችሁ አክሲሱን አንብቡ፣ ሴንተሩን በነጥብ ምልክት አድርጉ፣ በነጥቦቹ መካከል ያለውን ርቀት በማስመሪያ ከፒዲው ጋር አስተያዩ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። የተነበበው ቁጥር በታዘዘው ቁጥር አጠገብ በወረቀት ላይ ይጻፍ፤ ያኔ "ይለመዳል" ማለት የሚቻለው ሌንሱ ልክ መሆኑ ታይቶ ነው። አንባቢም መነጽሩን ሲቀበል ይህን ወረቀት መጠየቅ መብቱ ነው። የሐኪሙን ወረቀት ይዛችሁ ሄዳችሁ "አክሲሱ ስንት ወጣ?" ብላችሁ ጠይቁ፤ የሠራው ባለሙያ ሌንሶሜትሩ ላይ አስቀምጦ ሊያሳያችሁ ይችላል፣ ይገባዋልም።

በመጨረሻ ስለ ባልዲው ጭቃ። ከየላብራቶሪው በየቀኑ የሚወጣው የሌንስ ዱቄት ፕላስቲክ ነው፤ አይበሰብስም። ወደ ፍሳሽ ቦይ ሲደፋ ዝናብ ሲመጣ ወደ ዓባይ ወይም ወደ ጣና ይወርዳል፤ እንቦጩ ያስቸገረውን ሐይቅ ይህን እንጨምርለት ማለት አንችልም። ባልዲው አድሮ ይጥለል፤ የላዩ ውሃ ቀስ ብሎ ይፍሰስና የቀረው ጭቃ በጨርቅ ከረጢት ተንጠልጥሎ ይድረቅ። የደረቀው በማዳበሪያ ከረጢት ታስሮ ከደረቅ ቆሻሻ ጋር ይሂድ። ዱቄቱ ሲደርቅ ስለሚቦንን ከረጢቱን የሚያስረው ሰው አፍንጫውን ይሸፍን።

ከሰላምታ ጋር፣
በመነጽር ላብራቶሪ የምንሠራ ባለሙያዎች
ባሕር ዳር